ዥዋዥዌው ጠቅሟት እንደሆነ

ሁለተኛዋ ልጄ ዝናብ ትፈራ ነበር። በምንኖርባት በመቱ ከተማ ዝናብ መፍራት ማለት አብዛኛውን ዓመት ሲፈሩ መኖር ነው። ቤታችን በቆርቆሮ የተከደነ ስለነበር የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ሁለቱን ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና አልጋ ሥር ትገባለች። ዝናቡ ካባራም በኋላ ቶሎ አትወጣም። ዝናቡ ብቻም አልነበረም። ማበጠሪያ ፀጉሯን ሲነካው እሳት እንደነካው ሰው ትጮኻለች። ሹራብ ካለበስኳት አውልቃ ትጥላለች። ወጥ የነካውን እንጀራ አትቀምስም፤ ደረቁን ብቻ ትበላለች። ሰው ሊስማት ሲጎነበስ ፊቷን በክንዷ ትከልላለች። አራት ዓመት ሲሞላት ጎረቤቱ ሁሉ እሷን ሰላም ማለት ትቶ ነበር።

እኔ ያኔ ከተማው ሆስፒታል ውስጥ የጤና ረዳት ነበርኩ። ባለቤቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር፣ ከሰሜን ለመጡት ሰፋሪዎች ጣቢያ ሲቋቋም እዚያ ተመድቦ ሄደ። ቶሎ መጣ ከተባለ በሁለት ወር አንዴ ነው። ትልቋን ልጄን እናቴ ጎሬ ወስዳ ታሳድጋት ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ትንሿ ነን። በሳምንቱ ቀናት ሥራ፣ ቅዳሜ የቀበሌ ጽዳት፣ እሑድ ስብሰባ። ስብሰባ ይዣት ስሄድ ጭብጨባው ያስለቅሳታል፤ እሷን ብዬ ስቀር ደግሞ ስሜ ከቀሪዎቹ ጋር ይመዘገባል። በዚያ ዓመት ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እንቅልፍ እለው ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ጠበል ወሰድኳት። ውሃው ሲነካት ሰውነቷ ተገትሮ ትንፋሿ ቆመብኝ፤ ካህኑ ራሳቸው ይብቃት ብለው መለሱን። ባለሱቋ ጎረቤቴ፣ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ሴት፣ ዱዓ አስደረጉላት። ሌሎችም የመከሩኝን ሁሉ አደረግኩ። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ድካም ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ አንዲት የውጭ አገር ሴት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከች ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ሥራዋ ፖሊዮ ያሽመደመዳቸውን ልጆችና አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን እንደገና እንዲንቀሳቀሱ መርዳት ነው። እኔ ረዳቷ ሆኜ ተመደብኩ። ሁለታችንም አጥርተን በማንናገረው እንግሊዝኛ እንግባባ ነበር።

አንድ ቀን ልጄን የምትይዝልኝ ሴት ታመመችና ይዣት ሥራ ገባሁ። ረፋድ ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እዚያ የነበረውን የስፖንጅ ፍራሽም ስባ ላይዋ ላይ ከመረችው። እኔ አፍሬ ላወጣት ስጎነበስ ፈረንጇ በእጇ ከለከለችኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ልጄን ሳትነካ በፍራሹ ላይ በሁለት መዳፎቿ ቀስ አድርጋ፣ ግን ከበድ አድርጋ ተጫነቻት። ደግማ ተጫነቻት። ልጄ ጸጥ አለች። ጄኔሬተሩ እየሠራ ልጄ ጸጥ ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሴትየዋ እንዲህ ዓይነት ልጅ በአገሯ ማየቷን ነገረችኝ። ሻይ ስንጠጣም አስረዳችኝ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ቆዳና የሰውነት ሚዛን የሚልኩትን ወሬ አእምሮ መልክ ማስያዝ ሲያቅተው ልጅ እንዲህ ይሆናል ይላሉ። ሰውነትን በሥርዓት ማወዛወዝ፣ መጫንና በብሩሽ ማሸት አእምሮው ቀስ በቀስ እንዲያቀናጅ ያስተምረዋል ይላሉ። ለዚሁ የስሜት ሕዋሳትን የማቀናጀት ሕክምና የሚባል ነገር ወጥቶ በሌላ አገር ብዙ ሰው እየተቀበለው ነው ይላሉ። ከሻንጣዋም ቀለማቸው የደበዘዘ ጥቂት ገጾች አውጥታ አሳየችኝ። እኔ የሰማሁት መድኃኒት አለ የሚለውን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ "ይላሉ" ማለቷን ልብ ያልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ጀርባ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ በገመድና በሳንቃ ዥዋዥዌ ሰቀልንላት። ገበያ ሄጄ ለስላሳ የልብስ ብሩሽ ፈልጌ አመጣሁ። ትንሽ ከረጢት ውስጥ በቆሎ ሞልቼ ሰፋሁና ስትቀመጥ ጭኗ ላይ የማደርግላት ክብደት ሆነ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ ከሥራ መልስ እጇንና እግሯን እቦርሻለሁ፤ መገጣጠሚያዎቿን እጫናለሁ፤ ከዚያ ዥዋዥዌ። ምሳዬን ቆሜ እየበላሁ በጭቃው እሮጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አልዘለልኩም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዥዋዥዌው ላይ ሆና ሳቀች። ሌላ ልጅ ሲስቅ ምንም አይደለም። እኔ ግን አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን መልካም ነገር ሁሉ ለዥዋዥዌው ሰጠሁት። ደህና ካደረች በእሱ ነው። አንድ ቀን ሹራቧን ሳታወልቅ ከዋለች በእሱ ነው። ያለቀሰችባቸውን ቀናት ደግሞ በሌላ አሳበብኩ፤ ብርድ መቷት ይሆናል፣ ርቧት ይሆናል፣ እኔ አስቸኩዬ ቦርሻት ይሆናል። ለሚሰማኝ ሁሉ ልጄ እየዳነች ነው እያልኩ አወራሁ።

ወሬው ከኖፓ አንዲት እናት አመጣብኝ። የአራት ዓመት ወንድ ልጇን አዝላ ገሚሱን በእግሯ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ነው የመጣችው። ልጁ ውሃ ሲነካው ራሱን ስለሚነክስ ገላውን ታጥቦ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ቆዳው በእከክ ተበልቷል። ፈረንጇ ያን ቀን ለሥራ ጎሬ ሄዳ ነበር። እናትየውን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። በኦሮምኛ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። አሳየኋት፤ ብሩሼንም ሰጠኋት። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ሳታቋርጪ ካደረግሽው ይለወጣል አልኳት። ይለወጣል ነው ያልኩት። እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጤና መኮንን ነበሩ። ለብዙዎቻችን መርፌ መውጋት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከአፋቸው ምስጋና አይወጣም፤ ስድብም አይወጣም። የኖፓዋን ሴት ስሸኝ አይተው ኖሮ ቢሮአቸው አስጠሩኝና ምን እንደነገርኳት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ልጄ ምን ያህል እንደተሻላትም በኩራት ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ዥዋዥዌው ባይኖር ኖሮ እስካሁን ምን ትሆን ነበር?" አሉኝ።

"እንዴት አውቃለሁ፣ ጋሼ?"

"እሱን ነው የምልሽ። እንዴት ታውቂያለሽ? ልጅቷ ግማሽ ዓመት አድጋለች። ልጅ ደግሞ ዝም ብለው ቢተዉትም ያድጋል። አንቺ እናት ነሽ፤ መዳኗን ትፈልጊያለሽ። የሚፈልግ ዓይን ምስክር አይሆንም።"

ተናደድኩ። በጭቃ ውስጥ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠይቁኝ ብዬ አሰብኩ። ለፈረንጇ ስነግራት ከእኔ ጋር ትናደዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ሽማግሌው ልክ ናቸው አለችኝ።

ሦስታችን ተቀምጠን መከርን። ሐሳቡ የሽማግሌው ነው። ልጄ የቀበሌው ሙዓለ ሕፃናት ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሦስት ሳምንት ሁሉን ነገር እናደርግላታለን፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ ምንም አናደርግም፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ እንደግመዋለን። በየትኛው እንደምንጀምር ሽማግሌው በዕጣ ይወስናሉ። የልጄን ሁኔታ የምትመዘግበው እኔ ሳልሆን የሙዓለ ሕፃናቷ አስተማሪ ትሆናለች፤ ለእሷ ግን የትኛው ሳምንት ምን እንደሆነ አይነገራትም። አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት፤ አርባ ልጅ ብቻዋን ትጠብቃለች። ስለምናት እሺ እትዬ፣ እጽፍልዎታለሁ ብላ ደብተሩን ተቀበለችኝ። የምትጽፈው አራት ነገር ብቻ ነበር፦ ደወሉ ሲመታ እንዴት እንደሆነች፣ ሰልፍ ላይ መቆሟን፣ ከሌሎች ጋር መብላቷን፣ ልጆች ሲነኳት ምን እንዳደረገች። ካለቀሰች ባዶ፣ ከታገሠች አንድ፣ ደህና ከሆነች ሁለት።

ዕጣው ምንም በማናደርግበት ጀመረ። ዥዋዥዌውን ቅርንጫፍ ላይ ጠቅልለን አሰርነው። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ዛፉ ሥር ሄዳ ወደ ላይ እያየች ቆመች። "የለም?" አለችኝ። የለም አልኳት። ተቀመጠችና ጠበቀች። በነጋታውም እንደዚያው። አምስተኛው ቀን ላይ ልፈታላት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ተውኩት።

ስለዚያ ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። አረፍኩ። ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ። ማታ እግሬን ታጥቤ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ዝም ብዬ አየኋት። ልጅ ከሕክምናዋ ታግዳ እናት ታርፋለች ወይ እያልኩ ራሴን ወቀስኩ፤ ግን አረፍኩ። ሦስቱ ሳምንት አልቆ ብሩሹን እንደገና ሳነሳ ክንዴ ድንጋይ ሆነብኝ።

አሥራ ሁለቱ ሳምንታት እንዲህ አለቁ። በመሃል ባለቤቴ አንድ ጊዜ መጥቶ ሄደ። ለሦስት ቀን ልጄ ልብሱ ላይ ያለውን የጭስ ሽታ ፈርታ አልተጠጋችውም፤ በአራተኛው ቀን ስትጠጋው የመሄጃው ቀን ሆነ። መኪና እስኪመጣ ስንጠብቅ ምን እየሠራሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ደብተሩ ነገርኩት። ባይሠራስ? አለኝ። አላሰብኩበትም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ከእሱ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም።

ደብተሩን ሽማግሌው ቢሮ ውስጥ ከፈትነው። አስተማሪዋም መጥታ ነበር። ሽማግሌው ያደረግንባቸውን ሳምንታት በቀይ፣ የተውንባቸውን በሰማያዊ እስክሪብቶ አከበቡና በየፊናቸው ደመሩ። ሁለቴ ደመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። በቀዩና በሰማያዊው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ልጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ እያለች ተሻሽላለች፤ ዥዋዥዌው ሲኖርም፣ ሳይኖርም።

በጣም የተሻሻለው የደወሉ ነገር ነበር። የሙዓለ ሕፃናቱ ደወል በብረት የሚመታ የመኪና ቸርኬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ባዶ ነበረች፤ በመጨረሻ አካባቢ ሁለት ሁለት ታገኛለች። ሽማግሌው አስተማሪዋን ምን አድርገሽ ነው አሏት። እሷ ደነገጠች፤ የተቆጧት መሰላት። የተለየ ነገር አላደረግኩም አለች። ደወል ልመታ ስል ቀድሜ እነግራታለሁ፤ በመጀመሪያ ግቢው ጥግ ካለው እንዶድ ሥር ሆና ጆሮዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ በየሳምንቱ ትንሽ አስጠጋታለሁ፤ አንድ ቀን ብረቱን ስጪኝ ብላ ራሷ መታችው፤ ከዚያ ለሳምንት ያህል እንደገና ሸሸች፤ ቀጥሎ ተመለሰች። እንዲህ ብላ ጨረሰችና አንድ ነገር ትዝ አላት። ልጄ አንዳንድ ቀን የለም፣ የለም ትላት ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት ቀርቷል።

"እንግዲህ ምስጢራችንም ሙሉ በሙሉ አልተጠበቀም ማለት ነው" አሉ ሽማግሌው። ቀጠሉና እንዲህ አሉኝ፦ "ይህ ስለ አንድ ልጅ ነው። ዥዋዥዌ ለማንም አይጠቅምም ብለሽ ነገ ደግሞ እንዳትዞሪ። ለአንቺ ልጅ በእነዚህ አራት ነገሮች ላይ ሲጠቅም አላየንም። የምናውቀው ይህን ያህል ነው።"

ከቢሮው ስወጣ ፈረንጇ ተከተለችኝ። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እንደማይጠቅማት ታውቂ ነበር? አልኳት። ጠረጠርኩ እንጂ አላውቅም ነበር አለችኝ። የያዘቻቸው ጽሑፎች እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ያን ቀን ነገረችኝ። ጠቀመ የሚሉ አሉ፤ ዝም ብለው የተጫወቱ ልጆችም እኩል ተሻሻሉ የሚሉ አሉ። የታዩት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ያዩአቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ የትኛው ልጅ ሕክምናውን እንዳገኘ የሚያውቁ ናቸው፤ እንደኔ ማለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን ፊትሽን ሳየው አልቻልኩም አለችኝ። ልቆጣት ፈለግኩ። አቅም አልነበረኝም።

"ዥዋዥዌው ላይ ትስቃለች" አለችኝ። "እሱ እውነት ነው። የኖፓዋን ሴት ግን ሄደሽ ንገሪያት።"

ሄድኩ። የክትባት መኪና ወደዚያ ሲሄድ አብሬ ተሳፈርኩ። ሴትየዋን ያገኘኋት ደጇ ላይ ነው። ከስታለች። ለልጁ ዥዋዥዌ የሰቀለችው ጓሮ ካለ የዋንዛ ዛፍ ላይ ነው። የሰጠኋት ብሩሽ ፀጉሩ አልቆ እንጨቱ ቀርቷል። በቀን ሦስት ጊዜ ሳላቋርጥ አድርጌዋለሁ አለችኝ። ለቡና ለቀማ ከጎረቤቶቿ ጋር አልወጣችም፤ ባሏ ልጁን ስታወዛውዢ ዋልሽ እያለ ተጣልቷታል፤ እሷ ግን ሲስተር ይለወጣል ብላኛለች ብላ ጸንታለች። ልጁ ገላው እንደበፊቱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ከሦስት በላይ ላድርገው? ብላ ጠየቀችኝ።

የመጣሁበትን ለመናገር ብዙ ፈጀብኝ። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። ልጄን በደብተር እንደመዘገብናት፣ ምንም ልዩነት እንዳልታየ፣ ይለወጣል ያልኩት ሳላውቅ እንደሆነ ነገርኳት። እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ።

የማውቀው አስተማሪዋ በደወሉ ያደረገችውን ብቻ ነው፤ እሱንም ነገርኳት። ለልጅሽ ከሁሉም የሚያስቸግረው ምንድን ነው? አልኳት። ውሃ አለችኝ። ውሃ ለብ አድርገን በቆርቆሮ አቀረብን። እሷ ራሷ እግሯን ስትነክር እንዲያይ አደረግን። ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና፣ ና እያለች በኦሮምኛ ጠራችው፤ ልጁ ቀረበ፣ ሸሸ፣ ቀረበ። ያን ቀን የአንድ እግሩን ጣቶች ብቻ አስነካ። እዚያ ላይ አቁሚ፣ ነገም ከዚህ አትለፊ አልኳት። ይሄም እንደሚሠራ እንደማላውቅ፣ ካልሆነ በሌላ መንገድ እንደምንሞክር ጨምሬ ነገርኳት።

"ዥዋዥዌውን ላውርደው?"

"ከወደደው አታውርጂው። መድኃኒት ነው ብለሽ ግን ከሥራሽ አትቅሪ።"

መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳሁ። እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። በሁለት እጇ ጨብጣኝ ተመለሰች።

ፈረንጇ በሚቀጥለው ዓመት ውሏ አልቆ ሄደች። ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። አስተማሪዋ ወደ ጋምቤላ ተዛወረች፤ አዲሲቷ አስተማሪ ልጄን ሰልፍ ላይ በግድ ይዛ ልታቆማት ስትሞክር ብዙው ነገር ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኔም ሄጄ ለምኜ፣ አስረድቼ እንደገና ከእንዶዱ ሥር ጀመርን። ቡረሻውን ተውኩት። በምሳ ሰዓት መሮጥ ቀረ። በተረፈኝ ጉልበት አንድ አንድ ነገር እየመረጥን ሠራን፦ ማበጠሪያ አንድ ዓመት ሙሉ ወሰደብን፤ ወጥ የነካ እንጀራ ከዚያም በላይ። አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልሆነም። ልጄ አሁን የቡና ችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ ትሠራለች። አሁንም ሹራብ አትለብስም፤ አሁንም ሠርግ ቤት አትገባም። ሠርግ ቤት አለመግባት በሽታ አይደለም ትለኛለች። ምናልባት ልክ ናት።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን መቱ ገበያ ውስጥ አንዲት ማር ይዛ የመጣች ሴት ሲስተር ብላ ጠራችኝ። ወዲያው አላወቅኳትም። የኖፓዋ ናት። ስለ ልጇ ጠየቅኳት። ትልቅ ልጅ ሆኗል፣ ወንዝ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር ይታጠባል፣ በሳሙና ግን እምቢ ይላል አለችኝ። ምን ረዳው ብዬ ጠየቅኳት። የቆርቆሮው ውሃ ይሁን፣ ማደጉ ይሁን፣ ጓደኞቹ ይሁኑ አላውቅም አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኳት። ሁለታችንም ዕድሜ ጨምረናል። ከዚያ ገዢ መጣባትና ወደ ማሯ ዞረች።